ከጥም በኋላ የወጡ ስሞች

ከሠፈራችሁ መሐል ቆማችሁ «ቤተልሔም!» ብላችሁ ብትጣሩ ቢያንስ ሁለት ልጆች «አቤት!» ማለታቸው አይቀርም። «ቤቴል!» ብትሉ ደግሞ ሌላዋ ብቅ ትላለች። ርኆቦት፣ ኤፍራታ፣ ቤርሳቤህ፣ ቢታንያ፣ ገሊላ፣ ሳሮን፤ እኛ ኢትዮጵያውያን የመጽሐፍ ቅዱስን ከተሞች፣ ጉድጓዶችና ሜዳዎች ለልጆቻችን ስም አድርገናቸዋል። ለልጆች ብቻም አይደለም። አዳማን ናዝሬት፣ ቢሾፍቱን ደብረ ዘይት እያልን የኖርን የእኔ ዕድሜ ሰዎች ብዙ ነን። ላሊበላ የሄደ ሰውም ዮርዳኖስ የሚባለውን ወንዝ አይቶ ተመልሷል።

ነርስ ሆኜ ባገለገልኩባቸው ከሠላሳ በላይ ዓመታት እነዚህን ስሞች በክትባት ካርድ ላይ ስጽፍ ኖሬያለሁ። «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ብዙዎቹ እናቶች «እኔንጃ ሲስተር፣ ደስ ስለሚል ነው» ይሉኛል። አንዳንዶቹ ደግሞ «በረከት ማለት መሰለኝ» ይላሉ። አልተሳሳቱም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን ጊዜ አግኝቼ ታሪኮቹን አንድ በአንድ ሳነብ አንድ ነገር አስተዋልኩ። እግዚአብሔር ሰጠን ከሚሉት ስሞች አብዛኞቹ የወጡት በጥጋብ ቀን አይደለም። ከውሃው በፊት ጥም ነበረ። ከእርሻው በፊት ጠብ ነበረ። ከእንጀራው በፊት ረኃብ ነበረ። ስሙን ያወጣውም ያንን ያለፈ ሰው ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ ለወላጆችና ለአያቶች የሚጠቅም ስለመሰለኝ ነው። ገበያ ደርሶ የተመለሰ ሰው ሁሉ ፊቱ በሚጠቁርበት በዚህ ጊዜ፣ ልጆች በቤታችን «እግዜር ይሰጣል» ሲባል ይሰማሉ። የታሪኩን መጨረሻ ብቻ ነግረናቸው ከሆነ፣ መሶቡ የጎደለ ቀን እግዚአብሔር የረሳቸው ይመስላቸዋል። ሙሉውን ከነገርናቸው ግን፣ የጎደለ ቀንም በታሪኩ ውስጥ ቦታ እንዳለው ያውቃሉ።

የአጋር ጉድጓድ

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለእግዚአብሔር ስም ስታወጣ የምናያት የመጀመሪያዋ ሰው ንግሥት ወይም ነቢይት አይደለችም። ግብፃዊቷ አገልጋይ አጋር ናት። ነፍሰ ጡር ሆና፣ ከእመቤቷ ከሦራ ፊት ሸሽታ፣ በበረሃ መንገድ ላይ ካለ ምንጭ አጠገብ ብቻዋን ነበረች። የእግዚአብሔር መልአክ እዚያ አገኛት፤ በስሟ ጠርቶም ከየት መጥታ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት። እሷም እግዚአብሔርን «የሚያየኝ» ብላ ጠራችው። ጉድጓዱም ብኤርለሃይሮኢ ተባለ፤ የሚያየኝ የሕያው ጉድጓድ እንደማለት ነው። ልጆቻቸውን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር የላኩ እናቶች ይህ ታሪክ ሲነበብ ለምን ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው እንደሚስቡ ይገባኛል።

አጋር ሁለተኛ ጊዜ በረሃ የወጣችው ተባርራ ነው፤ ልጇ እስማኤልም አብሯት ነበር። በቤርሳቤህ ምድረ በዳ ስትቅበዘበዝ በአቁማዳው የያዘችው ውሃ አለቀ። ልጁን ከቁጥቋጦ ሥር አስቀምጣ የቀስት ውርወራ ያህል ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ ልጇ ሲሞት ላለማየት።

እኔ ይህን ክፍል የማነበው በነርስ ዓይን ነው። በሕፃናት ክፍል ውስጥ የዚህን ዓይነት እናት አውቃታለሁ። ልጇ በተቅማጥና በትውከት ደርቆ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ሲያለቅስ እንባ አጥቶ፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ አልመለስ ሲል፣ እናት ከአልጋው ተነሥታ ወደ ኮሪደሩ ትወጣለች። ያላወቀ ሰው «ምን ዓይነት ጨካኝ ናት!» ይላል። ጭካኔ አይደለም፤ ዓይኗ ያንን ማየት አቅቶት ነው።

ታሪኩ ቀጥሎ የሚለውን ልብ በሉ። እግዚአብሔር ዓይኗን ከፈተላት፣ የውሃ ጉድጓድም አየች። ጉድጓዱ በዚያች ሰዓት ተቆፈረ አይልም፤ ከፊቷ ነበር። እንባና ተስፋ መቁረጥ ሸፍኖባት ነበር። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም የእናታችንን የሐጀርን ታሪክ ያውቁታል። በሶፋና በመርዋ ኮረብቶች መካከል ሰባት ጊዜ ውሃ ፍለጋ መሮጧን፣ የዘምዘምን ውሃ ማግኘቷን ይተርካሉ። ለሐጅና ለዑምራ የሚሄዱ ሰዎችም ያንን የእናት ሩጫ በእግራቸው ይደግሙታል።

ወደ ሙያዬ ልመለስና፣ በተቅማጥ የሚደርቅ ልጅን የሚያድነው ነገርም ብዙ ጊዜ በቤት ውስጥ አለ። ከጤና ጣቢያ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው ሕይወት አድን ዱቄት፣ ኦ አር ኤስ የምንለው፣ ከሁሉ ይሻላል። እሱ እስኪገኝ ግን አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው አዋህዶ ማጠጣት ይቻላል። መጠኑን አታዛቡ፤ ጨው መጨመር ጉዳት አለው። ልጁ ካስታወከ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መስጠት ነው። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡት አይቋረጥ። ካልጠጣ፣ ከደከመ፣ ሰገራው ደም ካለበት ወይም ዓይኑ ከጎደጎደ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ስንቱ ልጅ የሄደው ጨውና ስኳሩ ከመደርደሪያው ላይ ሆኖ የሚያሳይ ሰው ስለጠፋ ነው! ስለዚህ ለእኔ «እግዚአብሔር ይሰጣል» ማለት አንዱ ፍቺው «ዓይን የሚከፍት ሰው ይልካል» ማለት ነው። እናንተም ለጎረቤታችሁ ያ ሰው ልትሆኑ ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከብዙ ዓመታት በኋላ በዚያው በብኤርለሃይሮኢ አጠገብ የኖረው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የሦራ ልጅ ይስሐቅ ነው። የተባረረችው ሴት ስም ካወጣችለት ጉድጓድ ያሳደደቻት ሴት ልጅ ጠጣ።

ያየ ሰው ያዘጋጃል

ሁለተኛው ስም የተራራ ነው። አብርሃም ልጁን ይዞ ሦስት ቀን ተጉዞ ወደ ሞሪያ ምድር ወጣ። እንጨቱን የተሸከመው ልጅ «በጉ የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ አባትየው በእጁ በግ አልነበረውም። መጨረሻ ላይ ቀንዶቹ በቁጥቋጦ የተያዙ በግ አየ፤ የዚያንም ቦታ ስም ያህዌ ይርኤ አለው።

ብዙ ሰው ይህን ስም «እግዚአብሔር ያዘጋጃል» ብሎ ይተረጉመዋል፤ በየሱቁና በየታክሲው መስታወት ላይም ተለጥፎ እናየዋለን። የዕብራይስጡ ቃል ግን ቀጥተኛ ፍቺው «ያያል» ነው። ቃሉ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ በግእዝ «ርእየ» አየ ማለት ነው፣ «ራእይ» የምንለውም ከዚያው ሥር የመጣ ነው። አጋር «የሚያየኝ» ስትል የተጠቀመችበት ቃልም ከዚሁ ሥር ነው። አገልጋይቱና ጌታው፣ አንዷ ከጉድጓድ አጠገብ አንዱ ከተራራ ላይ፣ በአንድ ቃል መሰከሩ።

ማየትና ማዘጋጀት እንዴት አንድ እንደሚሆን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስቸግርም። «ሐኪሙ አየኝ» ስንል ከሩቅ ተመለከተኝ ማለታችን አይደለም፤ መረመረኝ፣ መድኃኒት አዘዘልኝ ማለታችን ነው። «እናቴን የሚያያት እሱ ነው» ስንልም የሚጦራት ማለታችን ነው። ያየ ሰው ዝም ብሎ አይሄድም።

በዚህ ስም ላይ ግን እንደ ጤና ባለሙያ አንድ የማሳስበው ነገር አለ። በተለይ ለእኩዮቼ። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ጀምረው ትንሽ ሲሻላቸው «እግዚአብሔር ያያል» ብለው የሚያቋርጡ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ። አንዳንዶቹን ቀጥሎ ያየኋቸው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ በቃሬዛ ሲመጡ ነው። ጸሎቱንም ጠበሉንም አልቃወምም። ነገር ግን አብርሃም ዓይኑን አንሥቶ ያየውን በግ «ሌላ ይመጣልኛል» ብሎ አልተወውም። ሄደና ወሰደው። በጠዋት የምትውጧት ኪኒን በቁጥቋጦው የተያዘች በግ ናት ብዬ አስባለሁ። ያላችሁን መድኃኒት ሐኪም ሳያማክሩ አታቋርጡ።

ማራና ኤሊም

ማራ የሚለው ስም ለእኛ መዝገበ ቃላት አያሻውም፤ መራራ ማለት ነው። እስራኤላውያን ባሕሩን ተሻግረው፣ ዘፍነውና ጨፍረው ገና ሦስት ቀን ሳይሞላቸው ውሃ ጠማቸው። ያገኙት ውሃ ደግሞ የማይጠጣ መራራ ሆነ። ሙሴ እንጨት ጥሎበት ጣፈጠ። (ይህን ያነበበ ሰው በማንኛውም እንጨት ውሃ ይታከማል እንዳይል፤ እኛ ውሃችንን እናፍላ ወይም የውሃ ማከሚያ እንጨምርበት።) እግዚአብሔር ለሕዝቡ ፈዋሻቸው እርሱ መሆኑን የነገራቸው ያን ጊዜ ነው፤ ከመራራው ውሃ አጠገብ።

ቀጥሎ የደረሱበት ኤሊም ነው። በዚያ 12 የውሃ ምንጮችና 70 የተምር ዛፎች ነበሩ። ኤሊም ከማራ ቀጥሎ ያለ ሰፈር ነበር። ማራ ላይ ተቀምጠው ያለቀሱት ሰዎች ይህን አላወቁም። ለታመመ ሰው አጠገብ የተቀመጠ አስታማሚም እንዲሁ ነው፤ ሌሊቱ መቼ እንደሚያልፍ አያውቅም። እኔ በሌሊት ፈረቃ የተማርኩት «ነገ ይነጋል» ብሎ መስበክ ሳይሆን የአስታማሚውን ትከሻ ነካ አድርጎ ሻይ ማቅረብን ነው። ሻይው ሌሊቱን ባያሳጥረውም ያሻግራል።

የዚያ መንገድ ስሞች ሁሉ ግን የምስጋና አይደሉም። ውሃ አጥተው ሙሴን ሊወግሩት የደረሱበት ቦታ ማሳህና መሪባ ተብሏል፤ ፈተናና ጠብ ማለት ነው። ውሃው ከዓለቱ ወጣላቸው፤ ስሙ ግን የጠባቸው ሆኖ ቀረ። ሌላው ቦታ ደግሞ የምኞት መቃብር ነው። በዚያ ሥጋ አማረን ብለው አለቀሱ፤ ድርጭቱ ሲመጣ ቀንና ሌሊት ሰበሰቡ፣ ከልክ በላይ ከመሩ፣ በመቅሠፍትም ብዙዎች ሞተው ተቀበሩ። መናው ለየቀኑ በልክ የሚሰበሰብ ነበር፤ ለነገ ያሳደረው ተልቶበታል። ይህ ለቤታችንም ትምህርት አለው። ለክፉ ቀን ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ ዘይትና ስኳር ጠፋ በተባለ ቁጥር ቤት ሙሉ አከማችቶ ጎረቤትን ባዶ ማስቀረት ሌላ ነገር ነው።

ሦስት ጉድጓዶች

ርኆቦት የሚለው ስም በአያቶች ጆሮ ደስ አይልም። «ልጅቷን ረኃብ ብላችሁ ጠራችኋት እንዴ?» ብለው የሚቆጡ እናቶች ሰምቻለሁ። ድምፁ ይቀራረባል፣ ፍቺው ግን ተቃራኒው ነው። ርኆቦት ስፋት ማለት ነው፤ ቦታ ሰፋልን እንደማለት።

ታሪኩ የሚጀምረው በእውነተኛ ረኃብ ነው። በምድሪቱ ረኃብ በሆነ ጊዜ ይስሐቅ በጌራራ ተቀመጠ፤ ዘርቶም መቶ እጥፍ አገኘ። ጎረቤቶቹ ቀኑበት። አባቱ አብርሃም ያስቆፈራቸውን ጉድጓዶች አፈር ሞልተው ደፈኑበት፤ ንጉሡም ከእኛ ዘንድ ሂድ አለው። ወደ ሸለቆው ወርዶ የአባቱን ጉድጓዶች እንደገና አስቆፈረ። መጽሐፉ እዚህ ላይ ለአያቶች የሚሆን ዝርዝር አለው፤ ይስሐቅ ጉድጓዶቹን የጠራቸው አባቱ ባወጣላቸው ስም ነው። አፈር የለበሰውን የአባትን ስም መልሶ ማውጣት የልጅ ሥራ መሆኑ ነው።

ከዚያ አዲስ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ የአገሩ እረኞች «ውሃው የእኛ ነው» ብለው ተጣሉ። ስሙን ዔሴቅ አለው፣ ክርክር ማለት ነው። ሌላ ቆፈሩ፤ በእሱም ተጣሉ። ስሙን ስጥና አለው፣ ጥላቻ ማለት ነው። ከዚያ ርቆ ሄዶ ሦስተኛ ቆፈረ፤ በዚህኛው ማንም አልተጣላም። ርኆቦት አለው። ዛሬ በእስራኤል አገር በዚህ ታሪክ ስም የተጠራች፣ እ.ኤ.አ. በ1890 የተመሠረተች ርሖቮት የምትባል ከተማ አለች። ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ቤተ እስራኤላውያንም ይኖሩባታል።

ስንት ቤተሰብ በዔሴቅና በስጥና ዳር ሰፍሮ እንደቀረ አስቡት። የአባት ቤት ሳይከፈል ወንድማማች አሥር ዓመት አይነጋገርም። የልጅ ልጆች በአንድ ዕድር ድንኳን ሥር ተቀምጠው ሰላምታ አይለዋወጡም። የውርስ መብታችሁን ጣሉ ማለቴ አይደለም፤ ሽማግሌም ሕግም ያለው ለዚህ ነው። ይስሐቅ ግን የተወው ጠቡን ነው እንጂ መቆፈሩን አይደለም። ሁለት ጊዜ የደከመበት ተወስዶበት ሦስተኛ አካፋ ያነሣ ሰው ነው። ሥራውን ተነጥቆ፣ ወይም ከኖረበት አካባቢ ተፈናቅሎ ከሥር የሚጀምር አባት በቤታችሁ ካለ ይህን ታሪክ ንገሩት። ሲጨርስም እነዚያ ያባረሩት ሰዎች ራሳቸው መጥተው ይስሐቅን ቃል ኪዳን እንዲያደርግ ጠይቀውታል፤ ማዕድ አቅርቦላቸው በልተው ጠጥተው በሰላም ተለያዩ። በዚያው ቀን አገልጋዮቹ «ውሃ አገኘን» ብለው መጡ።

የእንጀራ ቤት

አሁን ወደ ቤተልሔም እንምጣ። ከኢየሩሳሌም በስተ ደቡብ አሥር ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ያለች ከተማ ናት። ስሟ በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ነው፤ በዓረብኛ ደግሞ የሥጋ ቤት የሚል ድምፅ አለው። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት ቤተልሔም መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። መቅደሱን የሚያውቅ ሁሉ ያችን ትንሽ ቤት አይቷታል።

አንድ ቀን እዚህ ሠፈራችን ውስጥ፣ በዚህችው «የእንጀራ ቤት» በሚል ስም የምትጠራ የስምንት ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። ስለ ስሟ ስነግራት ጥቂት አሰበችና «ታዲያ እኛ ቤት ትናንት ለምን እንጀራ አልነበረም?» አለችኝ። እናቷ አፈረች። እኔ ግን ጥያቄው የሚያሳፍር አልመሰለኝም። መጽሐፈ ሩት የሚጀምረው በዚሁ ጥያቄ ነውና።

በእንጀራ ቤት እንጀራ ጠፋ። በቤተልሔም ረኃብ ሆኖ ኑኃሚን ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ወደ ሞዓብ ተሰደደች። በዚያ ባሏ ሞተ፤ አሥር ዓመት ያህል ሲቆዩ ልጆቿም ሞቱ። ስትመለስ የአገሯ ሴቶች በስሟ ሲጠሯት፣ ደስታ ማለት የሆነውን ያን ስም ትታ ማራ በሉኝ አለቻቸው። ያ የበረሃው መራራ ውሃ ስም የሰው ስም ሆነ። ማንም አልተቆጣትም። «አትማረሪ፣ ኃጢአት ነው» ያላት የለም። ኀዘንተኛን ለመገሠጽ የምንቸኩል ሰዎች ይህን ልብ ብንል ጥሩ ነው።

እንጀራው የመጣውስ እንዴት ነው? ከሰማይ አልወረደም። ገብስ በሚታጨድበት ወራት ምራቷ ሩት ቃርሚያ ልትቃርም ወጣች። የሙሴ ሕግ የእርሻን ዳርቻ አሟጦ ማጨድን፣ የወደቀውንም መልሶ መልቀምን ይከለክላል፤ ያ ለድኻና ለስደተኛ ነው። እርሻው የቦዔዝ ነበር። ቦዔዝ ለአጫጆቹ፣ ከነዶው እየመዘዙ ሆን ብለው እንዲጥሉላት፣ እንዳይወቅሷትም አዘዘ። ቆጥሮ ሰፍሮ ሊሰጣት ይችል ነበር። ግን በላቧ ያገኘችው እንዲመስላት፣ እንዳትሸማቀቅ አደረገ። ሩትም በምሳ ሰዓት ከበላችው የተረፋትን ለአማቷ ይዛ ገባች።

ለዚያች ልጅ የመለስኩላት ይህንን ነው። የእንጀራ ቤት ማለት እንጀራ ጎድሎበት የማያውቅ ቤት ማለት አይደለም። ሲጎድል አንዱ ለሌላው የሚተርፍበት፣ የእርሻውን ዳር የማያሟጥጥ ሰው ያለበት መንደር ማለት ነው። ለእናቷ ደግሞ ምንም አልነገርኳትም፤ የቦዔዝ ዘዴ ምን እንደሆነ ስለማውቅ። ለጎረቤት ስትረዱ የረዳችሁት ሰው በልጁ ፊት እንዳያንስ አድርጋችሁ እርዱ።

ቤተልሔም ሌላ ስምም አላት፤ ኤፍራታ፣ ፍሬያማ ማለት ነው። ይህንን ስም ለልጆቻችን በደስታ እናወጣዋለን። ነገር ግን በማዋለጃ ክፍል የሠራ ሰው አንድ ነገር ሳይናገር ማለፍ አይችልም። የያዕቆብ ሚስት ራሔል ወደ ኤፍራታ በሚወስደው መንገድ ላይ ምጥ ጠንቶባት ሞታለች። አዋላጂቱ አጠገቧ ሆና «አትፍሪ» ስትላት እናያለን። ልጁ ዳነ፣ እናቲቱ አልዳነችም። ስሙን ልትሞት ስትል የጭንቀቴ ልጅ አለችው፤ አባቱ ግን ብንያም አለው። እኔም ያንን «አትፍሪ» ብዬ፣ የተረፈችም ያልተረፈችም እናት አይቻለሁ። ስለዚህ እግዚአብሔር የሚሰጥ ነው ብዬ ለልጆች ስናገር፣ ያልተሰጣቸውን ሰዎች በደለኛ የሚያደርግ ነገር እንዳልጨምር እጠነቀቃለሁ። ፍሬያማዋ ከተማ በመግቢያዋ የእናት መቃብር አለ። ሕፃኑን ብንያምን ግን አባቱ ተቀብሎ አሳደገው። በዚህ አገር ወላጅ ያጡ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አያቶች ሁሉ ይህን ሥራ ነው የሚሠሩት።

እስከዚህ ድረስ

የመጨረሻው ስም የድንጋይ ነው። ነቢዩ ሳሙኤል ከድል በኋላ ድንጋይ አቁሞ አቤንኤዘር አለው፤ ዛሬ ወንዶች ልጆቻችንን አቤኔዘር የምንለው ነው። የረድኤት ድንጋይ ማለት ነው፤ በግእዝም «እብን» ድንጋይ ነው። ሳሙኤል ድንጋዩን ሲያቆም የተናገረው እግዚአብሔር እስከዚያ ቀን ድረስ መርዳቱን ነው። ስለ ነገ አልተናገረም። ደግሞም ያ ስም ቀደም ብሎ ሕዝቡ ተሸንፎ ታቦቱ ከተማረከበት ጦርነት ጋር ተያይዞ ይነሣል። የሽንፈት ትዝታ ባለበት ስም የረድኤት ድንጋይ ቆመ።

እያንዳንዳችሁ ቤት የዚህ ዓይነት ስም ሊወጣላቸው የሚገቡ ቦታዎች አሉ። ሥራ ያጣችሁበት ዓመት ዱቤ የሰጣችሁ ባለ ሱቅ፣ ልጃችሁ የታከመበት አልጋ፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካናችሁን የሞላችላችሁ ጎረቤት፣ ተከራይታችሁ የነበረችው አንድ ክፍል ቤት። ልጆች እነዚህን አያውቋቸውም፤ ብትነግሯቸው እንጂ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ቡና ሲፈላ ሁለት ነገር ሞክሩ። መጀመሪያ፣ በቦታ ስም የተጠራ ልጅ በቤታችሁ ካለ ስሙን ከነታሪኩ ንገሩት። ጥሙንም፣ ጠቡንም፣ ለቅሶውንም አትዝለሉ፤ ልጆች ከምንገምተው በላይ እውነት ይችላሉ። ሁለተኛ፣ የራሳችሁን አንድ ቦታ ምረጡና ከልጆቹ ጋር ሆናችሁ ስም አውጡለት። «መራራ» ማለት ካለባችሁ «መራራ» በሉት፤ ኑኃሚንም ብላለች። ስሙን፣ ዓመቱንና ያኔ እጁን የዘረጋላችሁን ሰው በደብተር ላይ ጻፉ። ያ ሰው በሕይወት ካለ ደግሞ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱና አመስግኑት፤ ባዶ እጃችሁንም አትሂዱ።

ቸር ሰንብቱ።